ለቀጠሮ ቀን የሚዋጥ ክኒን

ፋዲላ አንድ ኩላሊቷን ለታናሽ ወንድሟ ለአብዱናሲር ከሰጠች ዓመት ሊሞላ ነው። ከአዳማ አዲስ አበባ ለክትትል የምታመላልሰውም እሷው ናት። እሱ ይረሳል፣ እሷ ታስታውሳለች፤ እሱ ይተኛል፣ እሷ ትቀሰቅሳለች። ሰለቻት፣ በቃ! ሐኪሙም ግራ ገብቶታል። የደም ግፊቱ ሲለካ ደህና ነው፤ ኩላሊቱ ግን ከወር ወር ይደክማል። ሰውነቱ አልቀበልም ብሎ ይሆን እያለ መድኃኒት ይቀያይርለታል።

አንድ ማለዳ ለቀጠሮ ሲጣደፉ፣ አብዱናሲርን ጓዳ ውስጥ ክኒን በእፍኙ ይዞ አገኘችው።

"ይሄ ደግሞ የምንድን ነው?"

"የግፊት። የእትዬ ሸዋወርቅ ነው፤ ከጎረቤት ተበድሬ። ወላሂ፣ ለቀጠሮ ቀን ብቻ ነው የምውጠው!"

"ለቀጠሮ ቀን?"

"ሐኪሙ ሲለካኝ እንዲወርድልኝ ነዋ!"

ሰው እንግዳ ሲመጣ ቤቱን ይጠርጋል፤ ይሄ ደግሞ ለሐኪም ግፊቱን ይጠርጋል! በሌላው ቀን ቡልቡላ ድረስ ጭነት ሲያመላልስ ራሱን እየፈለጠው፣ እግሩ እያበጠ፣ "ደህና ነኝ" ይላታል።

"አንተ ልጅ፣ አሳበድከኝ እኮ! ለምን?"

"ኩላሊቱ ሳይተከልልኝ በፊት ግፊትህ ጨምሯል በተባልኩ ቁጥር ፊትሽ ይጠቁር ነበር፣ እታለም። የሰጠሁትን አበላሸው እንዳትዪ ብዬ ነው።"

አንጀቷን በላት። በጥፊ ልታጠናግረውም አማራት።

አዲስ አበባ እንደደረሱ ክኒኖቹን ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈቻቸው። ሐኪሙ ወዲያው አልትራሳውንድ አዘዘ። ወደ ተተከለው ኩላሊት ደም የሚወስደው ቧንቧ ስፌቱ አጠገብ ጠቦ ተገኘ።

"ቧንቧው ሲጠብ ግፊት ይጨምራል፤ እውነተኛ ግፊቱን ብናይ ኖሮ ገና ድሮ እንጠረጥር ነበር" አለ ሐኪሙ በንዴት። "ይሄ ክኒን ደግሞ ቧንቧው ለጠበበ ሰው ኩላሊቱን ይብስ ያደክመዋል!"

በሳምንቱ ሌላ ስፔሻሊስት በብሽሽቱ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገባ። የጠበበውን በፊኛ አስፍቶ፣ መልሶ እንዳይጠብ ትንሽ የብረት መረብ አኖረበት። ሲወጣ ፋዲላ ተንደርድራ ጠየቀችው።

"ተከፍቷል፤ ደሙ በደንብ እየሄደ ነው። የተጎዳው የኩላሊቱ ክፍል ግን አይመለስም። ግማሽ ያህሉ ሄዷል።"

አብዱናሲር እግሩን እንዳያጥፍ ታዝዞ በጀርባው ተኝቷል። ገና ስታየው ንዴቷ ሁሉ እንባ ሆነባት።

"ስንት ተረፈ አሉ?" አላት፣ ዓይኗን ማየት ፈርቶ።

"ግማሹ።"

"አፉ በይኝ፣ እታለም።"

"እሺ፣ አፉ ብያለሁ። ግን እሱንም ካበላሸኸው" አለች አንሶላውን እያስተካከለችለት፣ "የቀረኝ አንድ ነው። እሱን አልሰጥህም።"