አራት ጣት ትርፍ

«ነፍሱን ይማረውና፣» አለ ጡረታ የወጣው ሹፌር የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ «የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በመሥራት እሱን የሚያህል አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ግን የእኔ እጀታ አራት ጣት ይረዝማል።»

ለቀስተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ የእሱም እንደሚረዝም በለሆሳስ ተናገረ፤ ሌላው የእሱን አናጢ ዘንድ ወስዶ እንዳስቆረጠው አመነ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳቅ እንደ ሳል ነው፤ አንዱ ከጀመረው ሌላው ሊይዘው አይችልም። ሳቁ ክፍሉን ዞሮ የሟች ሚስት ዘንድ ሲደርስ ሁሉም ደንግጠው አቀረቀሩ። እሷ ግን አልከፋትም። በሕይወት እያለ ለራሱ ንገሩት ብትላቸው ማን ደፍሮ፣ አሁን ለእሷ ቢነግሯት ምን ታድርጋቸው ብላ ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጣች።

በሩ አጠገብ የተቀመጠው የሟች ታናሽ ወንድም ብቻ አልሳቀም። ረጅም ሰው ነው። እጆቹ ደግሞ ከቁመቱም ይብሳሉ፤ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የት እንደሚያደርጋቸው ግራ ይገባዋል። ገና በልጅነቱ «ሽመላ» የሚል ስም ያወጣለት ይኸው የሞተው ወንድሙ ነው። ስሙ ተጣብቆ ቀረና እናታቸው እንኳ እስከ ዕለተ ሞቷ ሽመላ እያለች ነበር የምትጠራው።

ሽመላ ያልሳቀው ነገሩ ስላልገባው ነው። ጋሼ የሚለው ወንድሙ በልኬት አይሳሳትም። ሸሚዝ ሊገዛ ሄዶ በቁልፍና በቁልፍ መካከል ያለውን ርቀት በጣቱ እየለካ ባለሱቁን የሚያሰለች ሰው፣ እንዴት ሆኖ ነው የሁሉንም ዘንግ በአንድ ዓይነት ስህተት የሚያበላሸው?

የወንድሙን ሚስት መጠየቅ ይችል ነበር። እትዬ እያለ፣ እጇ ላይ በልቶ ነው ያደገው። ግን ከመጣ ጀምሮ ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረ ሌላ ጥያቄ አለው፤ እሱ ሳይወጣ ሌላው አልወጣ አለ። ጋሼ ቂሙን እንደያዘ ነው ወይ የሞተው? ሁለቱ ከተኮራረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ስልክ የለ፣ ሰላምታ የለ፣ በሰው በኩል እንኳ «እንዴት ነው» መባባል የለ። ሽመላ የወንድሙን መታመም ሰምቶ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ነበር፤ መጀመሪያ ማን ይናገር በሚለው ነገር ሲያመነታ ሞት ቀደመው።

ጥግ ላይ የተቀመጡት ሁለት ጎረቤቶች ይንሾካሾካሉ። አንደኛዋ ከመጣ ጀምሮ እንባ ጠብ እንዳላለው ታዝባለች። ሌላዋ ተኮራርፈው እንደነበር አስታወሰቻት። ቢኮራረፉስ፣ ደም አይደለም ወይ አለች የመጀመሪያዋ። ሽመላ ሁሉንም ሰማ፤ አልፈረደባቸውም። እሱም በራሱ እየተገረመ ነው።

ጋሼ ዘንግ መሥራት የጀመረው የሰው የተሰበረ ዘንግ በመጠገን ነበር። እንደ መርፌ እየቀጠነ የሚሄደውን ጥቁር የካርቦን ቱቦ መዳፉ ላይ እያንከባለለ ወዴት መጉበጥ እንደሚወድ ያጠናል። በዚያ በኩል ገመዱ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች በሐር ክር ጥብቅ አድርጎ ያስራል፤ ክሩን ቫርኒሽ ይቀባል፤ የእጀታውን ቡሽ ደርድሮ ያጣብቅና ሰው ሲጨብጠው ደስ እስኪል ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ከሁሉም የሚወደው ለሰፊ ወንዝ የሚሆነውን ባለሁለት እጅ ዘንግ ነው። ርዝመቱ ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆም አይደርስበትም። ዓሣውን ለማታለል የገመዱ ጫፍ ላይ የምትታሰረው ዝንብ ከላባና ከክር የተሠራች ስለሆነች ክብደት የላትም፤ የሚወረወረው ከባዱ ገመድ ነው፣ ዝንቧ ተከትላው ትሄዳለች።

ችግሩ ጋሼ አጭር ነበር። ያንን ዘንግ ሲይዝ ማን ማንን እንደሚወረውር አይለይም እያሉ የሰፈር ሰዎች ይቀልዱበት ነበር። እሱም ይስቅና ሽመላን ወደፊት ይገፋዋል። ታናሽየው ጉልበቱ ድረስ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ታላቅየው ዳር ላይ ቆሞ ለወንዙ ጀርባውን ይሰጣል፤ ዓይኑን ይጨፍናል።

«አንተ ወርውር፣ እኔ ልስማ፣» ይላል።

ገመዱ ከውኃው ሲላቀቅ ይጮኻል። እንደ አዲስ ጨርቅ ሽርርር ብሎ ከተቀደደ ዘንጉ ደህና ነው። ከተንተባተበ አንድ ቦታ ላይ ሥራ ይቀረዋል። ሽመላ በጉርምስና ጉልበቱ በላይኛው እጁ ሲገፋ ጋሼ ሳያይ ያውቅበታል። «ላይኛውን እጅህን እርሳው አላልኩህም? እሱ መንገድ ያሳይ። የሚሠራው ታችኛው ነው፤ ወደ ሆድህ ሳበው።» ሽመላ ይስባል፤ ገመዱ ወንዙን አቋርጦ ማዶ ካለው ድንጋይ ሥር ሄዶ ይተኛል። ጋሼም ሳይዞር እንደሚመርቅ ሽማግሌ ራሱን ይነቀንቃል። አንድ እጅ አያጨበጭብም ይባላል፤ እነሱ ቤት ደግሞ አንድ እጅ አይወረውርም ነበር የሚባለው። ማታ እትዬ እርጥብ ካልሲያቸውን ከምድጃው በላይ እያንጠለጠለች፣ አንዱ ጆሮ አንዱ እጅ ሆናችሁ ሰው የምትሆኑት ሁለት ስትሆኑ ነው ትላቸዋለች። ሽመላ ያንን ዘመን ሲያስበው ደስታ እንደነበር ያኔ አለማወቁ ነው የሚቆጨው።

ታችኛው እጅ ሥራውን የሚሠራው ልኩን ካገኘ ነው። ላይኛው እጅ ደረት ላይ ሆኖ ታችኛው ዘና ብሎ ይወርዳል፤ በወደቀበት ቦታ እጀታው ማለቅ አለበት። ከዚያ ካለፈ የሰውን ክርን ይመታል። ጋሼ ሽመላን አቁሞ፣ ዓይንህን ጨፍን ብሎ፣ እጁ ያረፈበትን በእርሳስ ያሰምር ነበር።

በማግስቱ ሟች ዘንግ የሠራላት አንዲት የጥርስ ሐኪም መጣች። ከሟች ዘንግ የተሻለ ይዛ ወንዝ ገብታ እንደማታውቅ በትልቅ አክብሮት ተናገረች። ከዚያ እሷም የእጀታውን ታችኛ ጫፍ አናጢ እንዳሳጠረላት ጨመረች። ሹፌሩ «አላልኳችሁም?» በሚል ዓይን ዙሪያውን አየ።

«ጋሼ ልኬት አይሳሳትም፣» አለ ሽመላ።

ከመጣ ጀምሮ ድምፁ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ካሰበው በላይ ጮክ ብሎ ወጣበት። ሐኪሟ ለመውቀስ ፈልጋ እንዳልሆነ ልታስረዳው ሞከረች፤ እሱም ይቅርታ ጠይቆ መልሶ አቀረቀረ። ትሪ ይዛ በሩ ላይ የቆመችው እትዬ ግን ከቀብሩ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን በደንብ አየችው።

የተኮራረፉበት ነገር ሲወራ ያሳፍራል። ዘንግ ሠሪዎች በየዓመቱ ወንዝ ዳር ተሰብስበው ሥራቸውን የሚያሳዩበት ቀን ነበር። ረጅሙ ዘንግ አራት ቦታ ተነጣጥሎ የሚገጣጠም ነው። በሁለት እጅ ሲወረወር ስለሚጠማዘዝ መጋጠሚያው ሳይታወቅ ይላላል፤ ለዚህ ነው ከመወርወር በፊት በፕላስተር የሚጠመጠመው። የዚያን ቀን ጋሼ ሽመላ ጠምጥሞታል ብሎ አሰበ። ሽመላም ጋሼ ጠምጥሞታል ብሎ ወንዝ ገባ። ሰው ሁሉ እያየ፣ ሦስተኛው ውርወራ ላይ፣ ጋሼ ክረምቱን ሙሉ የለፋበት ዘንግ ቀው ብሎ ተሰበረ።

ከተመልካቾቹ አንዱ ዘንጉ ምን ሆኖ ነው ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ፊቱ ቀልቶ፣ «ዘንጉ አይደለም፤ እጁ ነው፣» አለ።

ሽመላ የተሰበረውን ሣሩ ላይ አስቀምጦ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ እርጥብ እንደሆነ ሄደ። ሌላ ከተማ የጀልባ ሞተር ጥገና ገባ። ሁለቱም ይመጣል፣ ይጠራኛል እያሉ ዓመት ዓመትን ወለደ። አንድ ጥቅል ፕላስተር ነው እንግዲህ ወንድማማቾችን የለያየው።

የለቅሶው ሰው እየሳሳ ሲሄድ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ መጣ። ከሟችም የሚያጥር፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። ሐዘኑን ከገለጸ በኋላ ባርኔጣውን እያሻሸ ቆመ። ጊዜው እንዳልሆነ ያውቃል፤ ግን ሟች ለእሱ ዘንግ እየሠራለት ነበር። ባያልቅም እንዳለ ይወስደዋል፤ የመጨረሻ ሥራው ስለሆነ ሌላ እጅ እንዲነካው አይፈልግም። እትዬ ቁልፍ አውጥታ ተነሳች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «አንተም ና፣» አለችው ሽመላን።

የጋሼ መሥሪያ ክፍል ከቤቱ ጀርባ ናት። ቫርኒሽና ሙጫ ትሸታለች፤ ሽታው ሽመላን ደረቱ ላይ መታው። የክር ጥቅሎቹ በየቀለማቸው ምስማር ላይ ተሰክተዋል። የመስኮቱ ደፍ ላይ የቡሽ ብናኝ ተኝቷል። ዘንጉ ግድግዳውን ታኮ፣ ተገጣጥሞ፣ አልቆ ተቀምጧል።

ፀጉር አስተካካዩ በሁለት እጁ አነሳው፣ ለመወርወርም ወገቡን አስተካከለ። የእጀታው ጫፍ ሄዶ ክርኑን መታው። ሊስቅ ብሎ ዓይኑ ረጠበ። በሜትር ሲለካው እኮ ቆሞ ማየቱን ተናገረ።

«ለክቶሃል፣» አለች እትዬ። «ሁሉንም ይለካ ነበር። ቡሹን ሊቆርጥ ሲቀመጥ ግን ዓይኑን ይጨፍንና እጁን ይዘረጋል። እዚያ ላይ ነው ልኩ የሚጠፋበት። የማን ልክ ነው ይኼ ስለው፣ ‹እጁ ነው› ይለኝና ዝም። በል እንግዲያው አሳጥረህ ስጣቸው ስለው ደግሞ፣ ‹እኔ አልቆርጠውም፣ አናጢ ዘንድ ይውሰዱት› ይለኛል።»

ሽመላ ዘንጉን ከፀጉር አስተካካዩ ተቀበለ። ላይኛውን እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ታችኛውን ለቀቀው። እጁ ወርዶ፣ ወርዶ፣ እጀታው ያለቀበት ቦታ ላይ አረፈ። ከጣቶቹ የተረፈ ቡሽ አልነበረም።

«እትዬ፣» አለ። «ተቀይሞኝ ነው የሞተው?»

«አዎ፣» አለች። «ምን ልዋሽህ። ስምህ ሲነሳ ከቤት ተነስቶ ይወጣ ነበር። የሚወጣው ግን ወዴት መሰለህ? እዚህ ነው።»

ሽመላ ያን ጊዜ አለቀሰ። ዘንጉን እንደያዘ ዝቅተኛዋ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቶቹ አገጩ ድረስ መጥተው፣ እንደ ልጅ ሳግ እየተናነቀው አለቀሰ። እትዬ አጠገቡ ቆማ ጠበቀችው። ፀጉር አስተካካዩ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሲረጋጋ ጊዜ ጠብቆ፣ ዘንጉ የእሱ እንዳልሆነ አሁን እንደገባው፣ በልኩ ለተሠራለት ሰው እንደሚተወው ነገረው።

ሽመላ መውሰድ ፈልጎ ነበር፤ ፊቱ ላይ ይነበባል። በኋላ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

«ጋሼ የሰው ሥራ አያስቀርም ነበር፣» አለ። «ና ቁም። ዓይንህን ጨፍን።»

የአጭሩ ሰው እጅ ያረፈበትን በእርሳስ አሰመረ። ቀጭኗን መጋዝ ከግድግዳው አወረደ። ቡሹን ሲቆርጥ ሥራው ራሱ አረጋጋው። የተቆረጠውን አራት ጣት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፤ የእጀታውን መድፈኛ መልሶ አጣበቀ። ፀጉር አስተካካዩ እንደገና ሲጨብጠው ክርኑን የሚነካው ነገር አልነበረም። ሽመላ ሙጫው ይድረቅ እንጂ ሣሩ ላይ ወጥተው እንደሚሞክሩት ነገረው፤ ሰውዬውም ደስታውን ለመደበቅ እየሞከረ ግቢው ውስጥ ያሉትን ወንበሮች ሊያነሳ ቀድሞ ወጣ።

ዘንጉ እንደተገጣጠመ በዚያች በር የሚወጣው በሁለት ሰው ነው፤ አንዱ እጀታውን ይዞ ይቀድማል፣ አንዱ ጫፉን ይዞ እየዞረ ይከተላል። ሙጫው ሲደርቅ ሽመላ እጀታውን አነሳ። ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ «ጋሼ፣ ጫፉን፣» አለ።

ሽመላ ያለውን ነገር የሰማው ካለው በኋላ ነው። ወደ ኋላ ለማየት አልደፈረም፤ ዘንጉን እንደያዘ ቆመ።

ከኋላው እትዬ እጇን ቀሚሷ ላይ ስትጠርግ ሰማ። ከዚያ ዘንጉ ቀለል አለው።

«ይዤዋለሁ፣» አለችው። «ቀስ እያልክ ሂድ።»