ቅጠል የተለቀመባቸው ዛፎች

ሸማ አይከዳም። ዛሬ ከሠራህ ዛሬ ታየዋለህ፤ ዝናብ ቀረ፣ በረዶ ጣለ ብሎ ነገር የለም። እኔ ካሱ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ፣ የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ እግሬን ከትቼ የኖርኩት ለዚህ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ጠንቃቃ ነኝ» እላለሁ። መሬቱን ለሚስቴ ለአበቡ ትቼላት አገሬ ጨንቻ የምወጣው በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል ነበር። እኛ ጋሞዎች የትም ብንሆን ለመስቀል አገራችን እንገባለን፤ ያልገባ ሰው እንደ ሞተ ነው የሚቆጠረው።

አበቡ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። በ1986 ለመስቀል ስገባ ከቤታችን ጀርባ ያለው እንሰት ግማሹ የለም። የለም አልኳችሁ! አባቴ የተከለው፣ ስንት ዓመት ፍግ ሲበላ የኖረ መሬት ላይ የቆመ እንሰት። በቦታው ከጉልበቴ የማያልፍ ሃያ ጭራሮ ተተክሏል።

«ምንድነው ይሄ?» አልኳት።

«አፕል። ከቤተ ክርስቲያኑ ችግኝ ጣቢያ ነው ያመጣሁት። ሥልጠናም ሰጥተውናል።»

አፕል! አዲስ አበባ ሀብታም ሰው ሆስፒታል ሊጠይቅ ሲሄድ በፌስታል አንጠልጥሎ የሚሄደው ፍሬ። ጨንቻ ላይ ማን ታሞ ማን ሊበላው ነው? እንሰት እኮ የክፉ ቀን ጎተራ ነው። ገብስ ቢመታም፣ ዝናብ ቢጠፋም፣ እንሰት ያለው ሰው ልጆቹን ይዞ ቁጭ ይላል። ያንን ነቅላ ጭራሮ! ያን ቀን የጮህኩትን ጩኸት ጎረቤት እስከ ዛሬ ያነሳዋል።

በመጨረሻ ተስማማን። ሦስት መስቀል እጠብቃለሁ። በሦስተኛው ዛፎቹ አበባ ካላሳዩ፣ አበቡ ሁለቱን ልጆች ይዛ ከእኔ ጋር ሽሮ ሜዳ ትገባለች፤ መሬቱን ወንድሜ ዳልጮ ያርሰዋል። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ ሽሮ ሜዳ መጥታ አንዲቷ ክፍሌ ውስጥ ሦስት ወር ተቀምጣለች። አንድ ጠዋት ደጃፍ ቆማ ግራና ቀኝ አየችና «እዚህ አገር መሬቱ የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በሳምንቱ ተመልሳ ሄደች።

የመጀመሪያው መስቀል፣ ቅጠል። ሁለተኛው መስቀል፣ ዛፎቹ ከእኔ ቁመት በልጠው፣ ያው ቅጠል ብቻ። ዳልጮ አጥር ላይ ተደግፎ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላታል። እሷ ፍጓን ተሸክማ ታልፋለች።

ሦስተኛው መስቀል መጣ። ከተራራው ሥር፣ ሲቀላ ከተማ አድሬ፣ በማግስቱ በጭነት መኪና ወጣሁ። ለአበቡ በእጄ የሠራሁትን ጋቢ ይዤላታለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለራሴም ደስታ ይዣለሁ፤ አሸንፌያለሁ ብዬ። ዕቃዬን ሳላስቀምጥ ወደ ጓሮ ዞርኩ።

ወይ ጉዴ! ከሃያው ዛፍ አሥሩ እርቃኑን ቆሟል። አንድ ቅጠል የለበትም። ሌላው አሥር ደግሞ ለምለም ነው።

«ፍየል ነው የገባበት?»

«እኔ ነኝ የለቀምኩት» አለች አበቡ። «በእጄ፣ አንድ በአንድ። መስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው።»

እልህ ነው ብዬ ደመደምኩ። ለዳልጮ ከማስረክብ ልግደለው ብላ ነው። እሷ ግን ረጋ ብላ ታስረዳኛለች። ይሄ ዛፍ በመጣበት አገር ብርዱ ቅጠሉን ያራግፈዋል፤ ከዚያ ይተኛል፤ ሲነቃ ያብባል። «የእኛ ብርድ ሰው ያንቀጠቅጣል እንጂ ዛፍ አያስተኛም። ሳይተኛ ደግሞ አያብብም። ስለዚህ ዛፉ ሦስት ዓመት ሲሞላው በእጅ ነው የሚለቀመው፤ ሥልጠናው ላይ ነግረውናል።»

«ዛፍ ይተኛል?»

«ሳይተኛ የሚኖር ምን አለ?»

ወሬው በአንድ ቀን መንደሩን አዳረሰ። የበሬውን ቅርጫ ስንካፈል ዳልጮ በሰው ፊት «የወንድሜ ሚስት ዛፎቿን ላጨቻቸው። ማን ሞቶባት ነው?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አብሬ ሳቅሁ። ቀና ስል አበቡ ደጃፍ ቆማ ታየኛለች። ሥጋውን ተቀብላ ገባች።

አበባ ስላልታየ ወደ ሽሮ ሜዳ የምንሄደው ጥቅምት አምስት ነው። አንድ ቀን አልጨምርም አልኩ። እሷም አልለመነችኝም። የልጆቹን ልብስ አጥባ አጣጥፋ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ስትከት አየኋት። በየጠዋቱ ግን ጓሮ ትወጣለች፤ ቅርንጫፎቹን በጣቷ ትዳስሳለች፤ ትመለሳለች። ዳልጮ ቸኩሏል። ዶማውን ይዞ መጥቶ መሬቱን በእርምጃ ለካው።

ጥቅምት ሦስት ቀን አበቡ ገበያ ወርዳ እኔ ጓሮ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ አላውቅም፤ እግሬ ወሰደኝ። አንዱ ራቁት ዛፍ ቅርንጫፉ ላይ የገብስ ፍሬ የሚያህል ቀይ ነገር አቅፏል። ተባይ ነው አልኩ። በአውራ ጣቴ ጨፍልቄ ጣልኩት። ሌላም አለ፤ ያንንም ጨፈለቅኩ። ሦስተኛው ላይ እጄን ስዘረጋ ቆምኩ። ተባይ አልነበረም። ጫፉ ተከፍቶ ከውስጡ ነጭ ነገር ብቅ ብሏል።

ዞር አልኩ። በአሥሩም ላይ፣ በየቅርንጫፉ፣ ያ ቀይ ነገር ተደርድሯል። አሥሩ ለምለም ዛፎች ላይ ምንም የለም። ተመልከቱኝ እንግዲህ፤ ሦስት ዓመት የጠበቀችውን አበባ በገዛ ጣቴ ሁለቱን ገድዬባታለሁ!

ገበያ መንገድ ላይ ሮጬ አገኘኋት። «አብቧል!» ብዬ ጮህኩ፤ ሰው ሁሉ እብድ መስዬው ዞሮ አየኝ። የተሸከመችውን መሬት ላይ ጥላ ሮጠች። ጓሮ ስንደርስ አንዱን ዛፍ በሁለት እጇ ያዘችና አለቀሰች። እንዲህ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

ዳልጮ ጩኸት ሰምቶ መጣ። አየ፣ አየ፣ ከዚያ «አበባ አይበላም» አለ። «ፍሬ እስኪሆን አንድ በረዶ ይበቃዋል።» እውነቱን ነው። ተቆጥቶ ሳይሆን ግራ ተጋብቶ ነበር የሄደው።

እሱ ሲሄድ ጠየቅኋት። «አበቡ፣ ይህን ካወቅሽ አሥሩን ለምን ተውሻቸው?»

ቀሚሷን አራገፈች።

«ፈራሁ» አለች። «የመጀመሪያውን ዛፍ ስለቅም እጄ እንቢ ብሎኝ ነበር። አሥረኛው ላይ ስደርስ ‹ብገድላቸውስ?› አልኩ። ሁሉንም ብገድላቸው ልጆቼን ምን አበላለሁ? አንተን ምን እልሃለሁ? እዚያ ላይ ቁጭ ብዬ አልቅሼ ገባሁ።»

«አንቺ? አንቺ ትፈሪያለሽ?»

«እንሰቱን የነቀልኩ ቀንም ፈርቻለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ፈርቻለሁ፣ ካሱ። አንተ ስትፈራ ሽሮ ሜዳ ትሄዳለህ። እኔ ስፈራ የት ልሂድ?»

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደፋር ናት እያልኩ በየመስቀሉ ጋቢ ይዤላት የምመጣው ሴት እዚህ ብቻዋን ስትፈራ ነው የኖረችው።

«ጊዜው አልፏል?» አልኩ ወደ ለምለሞቹ ዛፎች እያየሁ። «ለእነዚህኞቹ?»

«አላውቅም። ሥልጠናው ላይ እንደዚህ ዘግይቶ ስለመልቀም አልነገሩንም። ሊያብቡ ይችላሉ፤ ሊደርቁም ይችላሉ።»

ሸማኔ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሥራ አልወድም። ወደ መጀመሪያው ለምለም ዛፍ ሄድኩና አንድ ቅጠል ያዝኩ። ጤነኛ፣ አረንጓዴ ቅጠል። ጣቴ ቀጥ ብሎ ቀረ። አበቡ ከጎኔ መጥታ ቆመች።

«ፈራህ?»

«አዎ» አልኩ። ለማንም ሰው ብዬው አላውቅም ነበር።

«እኔም» አለችና የመጀመሪያውን ቅጠል ቀነጠሰች። ቀጥዬ እኔ ቀነጠስኩ።