በጀርባ የሚጻፍ ቃል

መምህርቷ ከሕመሟ ስትነሳ ሁሉም ነገር እንደነበረ ነበር። እጇ አልዛለም፣ እግሯ አልተጎተተም፣ ነገር የማታሳልፍ ምላሷም ብትሆን አልደነዘዘችም። የሄደባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፊደል። ጋዜጣ ሲሰጧት ጉንዳን የተርመሰመሰበት ወረቀት ነው የሚታያት። ሐኪሙ ነገሩን አስረዳት። ትንሽ የረጋ ደም በአንጎሏ ውስጥ አንዲት መንገድ ዘግታለች፤ ዐይን ያየው ፊደል ወደ ድምፅ የሚሻገርባትን መንገድ። "መጻፍ ይችላሉ፤ የጻፉትን ማንበብ ግን ያቅትዎታል" አላት። ሳቀችበት። እስክሪብቶውን ተቀብላ ስሟን ጻፈች፣ ከዚያ ወረቀቱን አንስታ አየችው። ሳቋ እዚያው ቀረ።

ይህ ነገር በሾፌርም በልብስ ሰፊም ላይ ቢደርስ ከባድ ነው። የደረሰው ግን በአንደኛ ክፍል መምህርት ላይ ነው፣ ያውም ማንበብ በማስተማር ስሟ በተነሳ ሴት ላይ። እሷ እንደ ሌሎቹ ልጆቹን ደርድራ በዜማ "ሀ ሁ ሂ" አታስብልም። "ይሄማ መዝሙር ነው እንጂ ንባብ አይደለም" ትላለች። እውነቷን ነው። ከላይ እስከ ታች ሳይተነፍስ የሚያወርደውን ልጅ "ቱ"ን ብቻዋን ነጥለው ቢያሳዩት፣ ከ"ሀ" ካልተነሳ አይደርስባትም። ስለዚህ እሷ ክፍል ውስጥ ፊደል ይለቀማል፣ ይረገጣል፣ ይዳበሳል። ቆርኪ ላይ ጽፋ ወለሉ ላይ ትበትነዋለች፤ ድምፁን ስትጠራ ልጆቹ ተሻምተው ያነሱታል። ወለሉ ላይ በጠመኔ ትጽፍና እንደ ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር ታስዘልላለች። ባሏ ጎሚስታ ነው፤ ከአሮጌ ጎማ ፊደል እየቀደደ ያመጣላታል፣ እሷ ከረጢት ውስጥ ትከተዋለች፣ ልጆቹ ሳያዩ በጣታቸው እየዳበሱ ይለዩታል። ክፍሉ ከበር ጀምሮ ጎማ ጎማ ይሸታል። የጎረቤት ክፍል አስተማሪ በጩኸቱ ራሱን ይዞ ሲማረር ኖሯል፤ የእሷ ልጆች ግን ዓመቱ ሳይጋመስ የሱቅ ማስታወቂያ እያነበቡ እናቶቻቸውን መንገድ ላይ ያስቆማሉ።

ፈቃዷ አልቆ ወደ ሥራ በምትመለስበት ጠዋት ባሏ ቦርሳዋን እያቀበላት፣ "ለዳይሬክተሯ ንገሪያት" አላት።

"ምን ብዬ? ማንበብ የማልችል የንባብ አስተማሪ ነኝ ብዬ?"

"እውነቱ እሱ አይደል?"

"ሞቼ እገኛለሁ!"

"እሱንማ ለጥቂት ነው የተረፍሽው" አላት።

ሳትወድ አሳቃት። ግን አልተናገረችም። ብትናገር ክፍሉን እንደምትነጠቅ ታውቃለች፤ ያ ክፍል ደግሞ ለእሷ ደሞዝ ብቻ አልነበረም። ልጅ አልወለደችም። በየዓመቱ የሚመጡት ጥርሰ ወላቃዎች የእሷ ነበሩ፣ እነሱም "አንቺ" እያሉ እንደ አክስታቸው ይጣሏታል።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ የጨነቃት መምህርት ደግሞ ዳኝነት ፈጠረች። አንድ ልጅ ቆርኪ አንስቶ "ሙ" ሲል፣ እሷ እውነት ይሁን ውሸት አታውቅም። ስለዚህ ወደ ክፍሉ ዞር ትልና፣ "ልክ ነው የምትሉ እጅ አውጡ!" ትላለች። ልጆቹ በዚህ አበዱ። ለካ ልጅ ከመጫወትም በላይ መፍረድ ይወዳል። ጉንጨ ሙሉ አንድ ልጅ ነበር፣ ሲፈርድ ክንዱን አጣጥፎ ስለሚያስብ "ዳኛው" ብለውት ስሙ በዚያው ቀረ። ብልሃቷ ጥሩ ሄደላት። እንዲያውም ከዚህ በፊት ተደብቀው ይቀመጡ የነበሩት ሁሉ ለመፍረድ ሲሉ ፊደሉን አተኩረው ማየት ጀመሩ። መምህርቷ ቤቷ ስትገባ እያፏጨች ነበር።

ታዲያ ፉጨቱ አልቆየም። አንድ ቀን "ቸ" የተጻፈበት ቆርኪ ተነሳ፣ ያነሳው ልጅ "ተ" አለ፣ ዳኛው ክንዱን አጣጥፎ አጸደቀ፣ ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። እሷም "ጎበዞች!" ብላ አጨበጨበች። በዚያው ሰዓት እሷ ታማ ሳለ ክፍሉን ትይዝ የነበረችው ወጣት ምትኳ የረሳችውን ጃንጥላ ልትወስድ በር ላይ ቆማ ነበር። ቆርኪውን አየች፣ መምህርቷን አየች፣ ጃንጥላዋን ይዛ ሄደች።

መምህርቷ ስህተቱን የሰማችው ከሰዓት በኋላ፣ ከሌላ ልጅ አፍ ነው። ማታ ራት ላይ፣ "ልጆቹን እያታለልኩ ነው" አለችው ለባሏ። እሱም፣ አመል ሆኖበት ከመቀለድ የማይመለሰው ሰውዬ፣ ያን ቀን አልቀለደም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ወሬው ትምህርት ቤቱን አዳርሶ ሲያበቃ እሷ የሰማችው ዳይሬክተሯ ስታስጠራት ነው። ዳይሬክተሯ አመስግና የማታውቅ፣ ተቆጥታም የማታውቅ፣ ደረቅ ያለች ሴት ናት። "ሐሙስ ክፍልሽ ገብቼ እቀመጣለሁ" አለቻት። "ደህና ከሆንሽ እሰየው። ካልሆንሽ ክፍሉን ምትክሽ ትይዛለች፣ አንቺም ቤትሽ ታርፊያለሽ።" ማረፍ የሚለው ቃል እንዲህ እንደሚያስፈራ መምህርቷ ያን ቀን አወቀች።

ሐሙስ ደረሰ። ዳይሬክተሯ ገባች፤ ምትኳም ቦርሳዋን አንግታ በር አጠገብ ቆመች። ልጆቹ ዐይናቸውን ከቦርሳው አልነቀሉም። በተለይ አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ከጥያቄዋ ብዛት "ወይዘሪት ለምን" የምትባለው፣ መምህርቷን በቀሚሷ ጎተተቻት።

"ቲቸር፣ ምትክሽ ለምን መጣች?"

"እንግዳ ናት።"

"እንግዳ ቦርሳ ለምን ይይዛል? ልትሄጂ ነው እንዴ?"

"ዝም በይና ሰልፍሽን ያዢ።"

መምህርቷ ለዚያ ቀን የመረጠችው ጨዋታ ባቡር ነው። ልጆቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ ይሰለፋሉ። መጨረሻ ላይ ያለው ከፊቱ ባለው ልጅ ጀርባ ላይ በጣቱ አንድ ቃል ይጽፋል፣ ፊደል በፊደል፤ ያም ተቀብሎ ከፊቱ ላለው ይጽፋል፤ ፊት ያለው የደረሰውን ሰሌዳ ላይ ያሰፍራል። ማውራት ክልክል ነው። ቃሉ መንገድ ላይ ከተለወጠ "ባቡሩ ተገለበጠ!" ተብሎ ይሳቃል። ወትሮ መምህርቷ የምትቆመው መጨረሻ ላይ ነበር። ዛሬ ያን ቦታ በክብር ለዳይሬክተሯ ሰጠቻትና ራሷ ሰሌዳው ሥር ቆመች። መጻፍ አያቅታትም። ከኋላዋ የቆመችውን ወይዘሪት ለምንን ደግሞ ጎንበስ ብላ፣ "ሲደርስሽ በጀርባዬ አትጻፊ፣ በጆሮዬ ንገሪኝ" አለቻት።

"ለምን? ሕጉ አይፈቅድም እኮ!"

"ለዛሬ ፈቅጃለሁ።"

ልጅቷ ፊቷን አጨማደደች። መምህርቷ ራሷ ያወጣችውን ሕግ ራሷ ስታፈርስ አልወደደችላትም።

ባቡሩ ተነሳ። ዳይሬክተሯ ያለ ፈገግታ፣ በአንድ ጣት፣ የመጨረሻው ልጅ ጀርባ ላይ ጻፈች። ጣት ከጀርባ ወደ ጀርባ ተሻገረ። አንዱ ኮረኮረኝ ብሎ ተቅለጠለጠ፣ አንዷ "ድገመው" ለማለት ትከሻዋን ነቀነቀች። መምህርቷ ጠመኔዋን ጨብጣ ጆሮዋን ቀስራ ሹክሹክታ ጠበቀች።

ሹክሹክታ አልመጣም። ሁለቱ ትከሻዎቿ መሃል ትንሽዬ ጣት አረፈች።

እስከዚያች ደቂቃ ጀርባዋ ላይ የጻፈባት ሰው አልነበረም። ባሏ በወረቀት፣ ሐኪሙ በካርድ፣ ሁሉም የሚያንኳኩት ያንኑ የተዘጋውን በር ነበር። ከረጢቱ ውስጥ እጇን ከታ መሞከሩን ደግሞ ፈርታዋለች፤ እሱም እምቢ ቢላትስ? አሁን ግን ጣቲቱ ሳታስፈቅዳት ጀመረች። ቅስት፣ ከሥሩ ሁለት እግር። "አ" ናት! ራሷን "አ" ስትል ሰማች። ቀጥሎ መስቀለኛ፣ አንዱ ክንዱ ሰበር ያለ፤ "ት"። ከዚያ ጎድጓዳ፣ ታች በቀኝ በኩል ጭረት፤ "ሂ"። የመጨረሻዋን ልጅቷ ሳትጨርሳት አወቀቻት።

አትሂጂ።

ደስታው ይቅደም ሐዘኑ አላወቀችም፤ ሁለቱም አብረው መጡባት። ከሕመሟ ወዲህ ያነበበችው የመጀመሪያ ቃል ነው፤ ያስተማረቻት ልጅ ናት የጻፈችላት። ሰሌዳው ላይ በትልልቁ ጻፈችው።

"እኔ የላክሁት 'ዝናብ' ነው" አለች ዳይሬክተሯ ከኋላ።

"ባቡሩ ተገለበጠ!" ልጆቹ ፈነዱ። ወይዘሪት ለምን ቀልታ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ መሬት መሬት ታያለች። መምህርቷ "አዎ፣ ተገለበጠ" ብትል ነገሩ በሳቅ ያልፍ ነበር። ዳይሬክተሯም ስህተቱን በልጅቷ ላይ ጽፋ ትወጣ ነበር። የሚያስፈልገው አንዲት ቃል ብቻ ነው፣ ያችም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳለች።

"አልተገለበጠም" አለች ግን። "እሷ የጻፈችልኝ ይህንን ነው፣ እኔም በትክክል አንብቤዋለሁ።" ከዚያ ወደ ዳይሬክተሯ ዞረች። "ዐይኔ ፊደል አይለይም። ከታመምኩ ጀምሮ አንዲት ፊደል አልለየሁም። ዋሽቼዎታለሁ፣ ልጆቹንም ዋሽቻቸዋለሁ። ይህን ቃል ያነበብኩት አሁን፣ በጀርባዬ ነው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ክፍሉ ጸጥ አለ። የትልልቆቹ ጸጥታ የሐፍረት ነበር። የልጆቹ ግን የማሰብ ነው፤ ለእነሱ ማንበብ አለመቻል የትናንት ነገር ነውና ምኑም አያሳፍርም። ዳኛው ተነስቶ፣ "እኔም 'ጰ' እምቢ ይለኛል፣ አይዞሽ" አላት።

"ደብተራቸውን ታዲያ ማን ሊያርም ነው?" አለች ዳይሬክተሯ በዚያው ደረቅ ድምፅ።

መምህርቷ ምትኳን አየቻት። "እሷ ዐይኗን ታበድረኝ፤ እኔ ጨዋታዬን በሙሉ እሰጣታለሁ።"

"እኔ ደስ ይለኛል" አለች ምትኳ፣ ቦርሳዋንም ከትከሻዋ አወረደች።

ዳይሬክተሯ ዐይኗን ሰሌዳው ላይ ወዳለው ቃል መለሰች። ይሄኔ ወይዘሪት ለምን ቀና ብላ፣ "ዙሪ፣ ሌላ ልጻፍልሽ" አለች። "እኔም! እኔም!" ተባለ፣ ባቡሩ ፈረሰ፣ ሁሉም ጀርባዋ ሥር ተጋፋ። መምህርቷ እንባዋን እንዳያዩባት ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። ጣቶች ተራ በተራ መጡባት። "ድመት" አለች። "ኳስ" አለች። አንዱ የራሱን ስም ጽፎ እሱንም አነበበችለት፣ እሱም ዓለም የተገዛለት ያህል ጮኸ።

ከዚያ ግፊያው ድንገት ረገብ አለ። ልጆቹ ገለል ሲሉ፣ ከክፍሉ ኋላ የመጣ ጫማ መሬቱን ሲረግጥ ሰማች። አንድ ጣት አረፈባት፤ የልጅ ጣት አይደለም፣ ከበድ ያለ፣ ወደ ላይም መንጠራራት የማያስፈልገው። ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ፊደል ለይቶ ጻፈ። እሷም ድምፅ ሳታወጣ ተከተለችው።

ነገም ነይ።

"እሺ" አለች መምህርቷ፣ ፊቷን ሳታዞር።