ፍሪሲዮኑ እስኪታሰር

የቆቦው መካኒክ ሰላሁዲን የተለጣጠፈ ሥራ አይወድም። ባለመኪናው ቢለምነው፣ ቢቆጣው፣ «ለዛሬ ብቻ ያድርሰኝ» ብሎ ቢማጸነው፣ ከመኪናው ሥር ሳይወጣ «ወይ በወጉ ይሠራል፣ ወይ ይዘኸው ሂድ» ይላል። ይህ አመሉ በደጉ ጊዜ ስሙን አስጠርቶለታል። በስድሳ አምስቱ ረሃብ ግን ጉድ ሠራው።

ታላቅ እህቱ ዚነት ባሏን ቀብራ፣ ከትንሿ ልጇ ከሉባባ ጋር ከዞብል ተራራ ወዲያ ቆላው ውስጥ ቀርታ ነበር። ከብቱ አልቋል፤ ማሽላው ሳያሸት ደርቋል። ሰዉ ቆቦ እርዳታ ይሰጣል ሲባል ሰምቶ በእግሩ መውጣት ጀምሯል። ሰላሁዲን እህቱ መንገድ ላይ ስትወድቅ እየታየችው ሆዱ አልቻለም። አሮጌ ላንድሮቨር ወዳለው ወደ ሹፌሩ ገብረ ኪዳን ሄደ።

«አያ ሰላሁዲን፣ ያንተ እህት የኔስ እህት አይደለች? ፍሪሲዮኗ ትንሽ ያንሸራትታል እንጂ ታደርሰናለች» አለው ገብረ ኪዳን።

ሰላሁዲን ደስ ብሎት፣ ወደ ቆላ ለሚወርደው አፋር ጨው ነጋዴ ለሁመድ መልእክት ሰጠ። «ለዚነት ንገርልኝ፤ ከቤቷ እንዳትንቀሳቀስ። በመኪና መጥቼ እወስዳታለሁ።» ሁመድ ቃል አያጎድልም፤ አንዲት ሳያስቀር አደረሰ።

ሰላሁዲን ላንድሮቨሯን የነዳት ከዚህ በኋላ ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ግን ጉልበት አይደርሰውም።

«በዚህ ፍሪሲዮን የጎሊናን ወንዝ አሸዋ አታልፍም» አለ።

«በቀስታ እንሄዳለን። ቢብስ ወርደን እንገፋታለን።»

«እህቴን አሸዋ ላይ ላስቀምጣት? ወላሂ አላደርገውም!»

ካምቢዮውን አወረደ። የፍሪሲዮኑ ዲስክ አልቆ ብረቱ ቀርቷል። አዲስ ዲስክ እንዲመጣ ደሴ ተላከ፤ በአውቶቡስ የመጣው የሌላ መኪና ሆነ። እንደገና ተላከ። ሰላሁዲን እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አያውቅምና የተሰነጠቀውን ባሌስትራ አወጣ፣ ፍሬኑን ፈታ፣ የሚጮኸውን በር ሳይቀር ዘይት አጠጣ።

አንድ ቀን የዚነት ጎረቤት ሰይዳ ከንፈሯ ደርቆ፣ አቧራ ለብሳ ከጋራዡ ደጅ ደረሰች።

«ዚነትስ?» አላት።

«ወንድሜ አትንቀሳቀሽ ብሎኛል አለችን። ብንለምናት እምቢ አለች። ሉባባን እንኳ ልያዝልሽ ብላት፣ በመኪና ትሄዳለች፣ ምን አደከማት አለችኝ።»

ሰላሁዲን በቅሎ ለምኖ ሰው መስደድ ይችል ነበር። ግን እንዳሰበው ሳይሆንለት ቀርቶ ታላቅ እህቱ ፊት ቃሉን ማጠፍ አሳፈረው፤ ዲስኩም ከደሴ ተጭኗል ተብሏል። «ነገ ያልቃል ኢንሻአላህ» አላት። በማግስቱም ይህንኑ አለ። በሦስተኛውም ቀን። ምናለ ሰነፍ በሆነ! ምናለ እንደሌላው መካኒክ በሽቦ ጠፍሮ በለቀቃት!

ዲስኩ መጣ፣ ታሰረ፣ ወጡ። ላንድሮቨሯ አሸዋውን ሳትንገዳገድ ተሻገረች። ገብረ ኪዳን «እጅህ ይባረክ» ሲለው ሰላሁዲን ኮራ። ያቺ ኩራቱ ኋላ ላይ ትዝ ባለችው ቁጥር ራሱን ይጠላል።

ወደ ዚነት ደጅ የሚያስገባው መንገድ ድሮ በቅሎ እንኳ የሚያደናቅፍ ድንጋያማ ነበር። አሁን ተጠርጓል፤ ድንጋዩ ግራና ቀኝ ተደርድሯል። ሰላሁዲን ቸኩሎ ስለነበር ልብ አላለውም።

ደጁ ላይ መሄድ ያቃታቸው አንድ ሽማግሌ ሉባባን አቅፈው ተቀምጠዋል። ዚነት በረሃብ ሞታ ከተቀበረች ገና ሳምንት አልሞላም። ሰላሁዲን «ኢና ሊላሂ» ብሎ የጀመረውን መጨረስ አቃተው፤ መሬት ላይ ተዘርግቶ «እኔ ነኝ የገደልኳት! በገዛ አፌ!» እያለ አለቀሰ። ሽማግሌው «የአላህ ውሳኔ ነው ልጄ» አሉት፤ እሱ ግን ጥፋቱን ከራሱ ላይ ሊያነሣው አልቻለም።

ገብረ ኪዳን ሽማግሌውን ደግፎ ከኋላ አስቀመጣቸው። ሰላሁዲን ሉባባን ጭኑ ላይ ይዞ ጉዞ ሲጀምሩ ልጅቱ ወደ ውጭ እያየች ተናገረች።

«አጎቴ፣ ድንጋዩን እማዬ ናት የለቀመችው። መኪናህ እንዳይጎዳብህ ብላ። ሲደክማት እየተቀመጠች፣ ደግሞ ትነሣለች። እኔም አግዣታለሁ።»

«አቁም» አለ ሰላሁዲን።

«ምነው፣ ምን ሆነች?» አለ ገብረ ኪዳን፣ መኪናዋ የተበላሸች መስሎት።

ሰላሁዲን ልጅቱን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ወረደና፣ እህቱ የጠረገችውን መንገድ ከመኪናዋ ኋላ በእግሩ ሄደው።