ከስሞቹ በላይ

ወረቀቱ ተሾመች እጅ ሲገባ ሃያ ሦስት ሰው ፈርሞበት ነበር። አብዛኛው ያሳረፈው አውራ ጣቱን ነው። የቀበሌው ጸሐፊ ብርሃነመስቀል የቀለሙን ሳጥን ዘረጋላት።

"እስክሪብቶ ስጠኝ" አለችው።

"ረስቼው እኮ ነው፤ እትዬ ተሾመች ተማሪ ሆነዋል።"

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እሷ ጣቷን ከላይ አስቀምጣ ማንበብ ጀመረች። ተራ ቁጥር። ስም። ፊርማ። ከእነዚህ በላይ ምንም የለም፤ አራት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ብቻ።

ስብሰባው የተጠራው ሴቶቹ በገበቴ ወርቅ የሚያጥቡበትን የወንዝ ዳር ሊወስድ ስላሰበ ድርጅት ነው። ከወረዳ የመጣው ሰው ስለ ልማት ሲናገር አረፈደ። መሬቱ ስንት ሄክታር እንደሆነ፣ ለቀበሌው ምን እንደሚደርሰው ሲጠየቅ ግን "በሂደት ይገለጻል" ብሎ ተቀመጠ።

"ይሄ የምን ወረቀት ነው?" አለች ተሾመች።

"የመገኘት ነዋ።"

"ታዲያ ለምን አልተጻፈበትም?"

"ቢሮ ስገባ እጽፈዋለሁ። ሰው እየጠበቀ ነው፣ እትዬ።"

አጠገቧ ያለችው ጎረቤቷ እማዋይሽ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። "አምና ለጠጠር መንገዱም መገኘት ነው ብሎን አልነበር? ቆይቶ ተስማምተዋል ተባልን፤ እንሰቴም በዚያው ሄደ" አለች በሹክሹክታ። "ደግነቱ ዘንድሮ የሚወስዱብኝ የለኝም።"

ብርሃነመስቀል ወደ ተሾመች ጎንበስ አለ። "የልጅዎ የሜሪ የድጋፍ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። የኮሌጁ ምዝገባ ሰኞ ያበቃል አይደል?"

ልጇ ሚዛን ኮሌጅ የምትገባው በዚያ ደብዳቤ ነው፤ እዚያ የምትከርመው ደግሞ ከወንዙ በሚገኘው ወርቅ። ሰውዬው ይህን ያነሳው ለደግነት ይሁን ለማስፈራራት አልለየላትም። ቀና ብላ አየችው። ፈገግ ብሏል።

"መገኘት ብቻ ነው አልከኝ?"

"እናቴን።"

"እንግዲያው ላግዝህ።"

ባዶው ቦታ ላይ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች "የተገኙ ሰዎች ስም ብቻ" ብላ ጻፈች። ፊደሎቿ ትልልቅ ስለሆኑ ሌላ ነገር የሚገባበት ክፍተት አልቀረም። ከሃያ ሦስቱ ስር የራሷን ስም አሰፈረች።

ጸሐፊው ፈገግታው ጠፍቶ እጁን ዘረጋ። ተሾመች ግን ወረቀቱን ወደ እማዋይሽ አዞረችው።

"ከመፈረምሽ በፊት ላንብብልሽ" አለች፣ የኋላው ወንበር ድረስ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ።