ዳገቱን በኋላ ማርሽ

መካኒክ ነኝ፤ የሚሸጥ መኪና እንድመረምር ስጠራ ከሰው በፊት ሰላም የምለው ኮፈኑን ነው። መዳፌን አሳርፍበታለሁ። ከቀዘቀዘ ወሬያችን ይቀጥላል፤ ከሞቀ ግን ባለቤቱ ሊሸውደኝ ቀድሞኝ ተነስቷል ማለት ነው። ትኩስ ራዲያተር አይከፈትም፤ ከከፈቱት ፊት ይልጣል። ስለዚህ ውስጡ ያለው ሳይታይ ይቀራል። የዚያን ቀን ኮፈኑ ሞቆ ነበር።

«ጧት ትንሽ አንቀሳቅሼያት ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ ልብስ ሰፊው፣ ሳልጠይቃቸው።

ልብስ ሰፊው የእህቴ ጎረቤትና የመኪናዋ ሻጭ ናቸው። ቀዳዳ መሸፈንማ ሙያቸው ነው ብዬ በሆዴ ቀለድኩ፤ ቀልዱ ግን እኔንም አላሳቀኝ። እህቴ ይህችን አሮጌ አውቶማቲክ የፈለገቻት ለሽርሽር አልነበረም። ጋሼ የምለው ባሏ ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ወዲህ ዳገቱ አናት ላይ ባለው ሆስፒታል በየሁለት ቀኑ ደሙ በማሽን ይታጠባል። አውቶቡሱ እንደ ልቡ ነው፤ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። ባለፈው ዘግይተው ሲደርሱ ማሽኑ ለተረኛ ተሰጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጋሼ እግር አብጧል፣ ትንፋሹም አጥሯል። ሐኪሙ «ሁለተኛ እንዳይደገም» ብሎ አስጠንቅቋቸዋል።

ኮፈኑን ከፈትኩ። የኩላንቱ፣ የራዲያተሩ ውሃ፣ መያዣ ፕላስቲክ እንደ ሕፃን ጡጦ ነጭ ነው። በአሮጌ መኪና ላይ እንዲህ ያለ ንጽሕና ደስ አይለኝም። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ስቤ አየሁት፤ ቀይ፣ ጥርት ያለ፣ ገና የተቀየረ።

«ዘይቱን ለምን ቀየሩት?»

«ለገዢ ብዬ ነዋ! አሮጌ ልብስስ ሳይተኮስ ይሸጣል?»

ቅቤ አንጓች ናቸው፤ መልስ አያጡም።

እህቴን ወደ ጎን ጠራኋት። «እታለም፣ ይቺ መኪና ተኳኩላ ነው የጠበቀችን። የካምቢዮ በሽታ ደግሞ ሲሞቅ ነው የሚወጣው። ዳገቱ ላይ ካልሞከርኳት ግዢ አልልሽም።»

«እንግዲያው እሱንም ይዘነው እንውጣ» አለች። «የማሽኑ ሰዓት ደርሷል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።»

በሚፈተን መኪና ሕመምተኛ አይጫንም። ይህን አውቃለሁ። ግን ፊቷን አይቼ እሺ አልኩ።

ጋሼና እህቴ ከኋላ፣ ልብስ ሰፊው ከጎኔ ተቀመጡ። ሜዳው ላይ መኪናዋ እንከን አይወጣላትም። ልብስ ሰፊው ስለ ወንበሩ ልብስ ያወሩልኛል፤ ራሳቸው ነው የሰፉት። ዳገቱን ጀምረን የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንዳለፍን ወለሉ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። አስፋልቱ ልሙጥ ነው፤ እኛ ግን ኮረኮንች ላይ ያለን ያህል ተናጥን። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አልል አለች። ጭራሽ ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር ፍሬን ይዤ ጥግ አስያዝኳት።

ወርጄ መለኪያውን ሳብኩት። ያ ጥርት ያለ ቀይ ዘይት የለም። እንጆሪ የተመታበት ወተት የመሰለ ሮዝ አረፋ ጣቴ ላይ ተዝለገለገ።

«ራዲያተሩ ውስጥ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዝበት ቱቦ አለ» አልኩ፣ እህቴ እንድትሰማ ጮክ ብዬ። «ቱቦው ተበልቷል። ውሃው ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ካምቢዮውን በልቶታል። ይህ የዛሬ በሽታ አይደለም! አጥበህ፣ ዘይት ቀይረህ፣ ሞተር አሙቀህ ጠበቅከኝ!» አንቱታው ከአፌ መቼ እንደወደቀ አላወቅሁም።

ጋሼ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «የኔን በሽታ እኮ ነው የምትናገረው» አለ እያለከለከ። «እኔም ማጣሪያዬ ተበላሽቶ ነው ውሃው የሞላብኝ።» ሊያስቀን ፈልጎ ነበር። ከንፈሩ ግን ጠቁሯል፤ ፈራሁ።

እህቴ መንገዱ መሃል ገብታ እጇን ታወናጭፋለች። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ አለፈ። የጭነት መኪናው ክላክስ እየነፋ አለፈ። ዳገት ላይ ማን ይቆማል? እስክትበርድ ብንጠብቅ ማሽኑ ለተረኛ ይሰጣል። በእግር እንዳንል ጋሼ ከደጃፉ አይዘልቅም።

ያኔ ልብስ ሰፊው ወርደው በሹፌሩ በኩል መጡ። «ቁልፉን ስጠኝ» አሉ።

«አትሄድም እያልኩህ!»

«ወደ ፊት አትሄድም። በኋላ ማርሽ ግን ትወጣለች፤ እሱ ገና አልተበላም።» ዓይናቸውን ከእኔ አሸሹ። «ስንቴ እንዲህ አውጥቻታለሁ።»

ልሳደብ አፌን ከፍቼ የጋሼን ትንፋሽ ሰማሁ። ቁልፉን ሰጠኋቸው፤ እህቴም ተመልሳ ከጋሼ ጎን ገባች።

በቁልቁለቱ ፍሬኑን ለቀቅ፣ ያዝ እያደረጉ አፍንጫዋን ወደ ታች አዞሯት፤ ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገቡ። ያዘች። እሳቸው አንገታቸውን ጠምዝዘው፣ ነዳጁን እንደ ስፌት መኪና መርገጫ በስሱ እየነኩ ያወጧታል። እኔ በየመታጠፊያው ቀድሜ እየሮጥኩ የሚወርደውን መኪና በእጄ አስቆማለሁ። የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ጋሼ ጥለነው የመጣነውን መንገድ ፊት ለፊት እያየ የእህቴን እጅ ጨብጧል። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ መኪናዋ አንዴ ተናጠችና ቀጥ አለች፤ ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰችም።

ጋሼን ደግፈን ስናስገባ ነርሷ ተረኛውን ልትጠራ ወረቀቷን እያየች ነበር። ማሽኑ ላይ አስተኛችው።

ስንወጣ ልብስ ሰፊው ከሞተችው መኪና ጎን ቆመው ላባቸውን በእጅጌያቸው ይጠርጋሉ። ሳያቸው ያጠራቀምኩት ስድብ ሁሉ አፌ ላይ ደረቀ። ሰውየው የገዛ መኪናቸውን ገድለው ባሏን አድርሰውላታል።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች እህቴ። «ዛሬ እርስዎ ባይኖሩ ባሌ መንገድ ላይ ይቀርብኝ ነበር።»

«ኧረ ምንም አይደል፣ የኔ ልጅ...»

«ግን መኪናዋን ገዝቼያት ቢሆን ኖሮ፣ ከነገ ወዲያ እዚያ ዳገት ላይ እኔና እሱ ብቻችንን ነበርን። በኋላ ማርሽ እንደምትወጣ ማን ይነግረኝ ነበር?»

እህቴ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ የከነገ ወዲያውን አውቶቡስ ሰዓት ልትጠይቅ ወደ ፌርማታው ሄደች።