የታጠበው ሹራብ

አርቪድ ጠረጴዛው ዳር ቆሞ ቺዙን በጥፍር ልክ ይከትፋል። ጁኖ ግን አልተነሳችም። ምድጃው አጠገብ፣ የሊኔያ ግራጫ ሹራብ ላይ ተጠቅልላ በአንድ ዓይኗ ታየዋለች።

ሚስቱ ሊኔያ ከሞተች አራት ወሯ ነው። ጁኖ የእሷ ውሻ ነበረች፤ በታጠረ ግቢ ውስጥ ሰባት ዓመት ከሊኔያ በቀር ማንንም ሳትፈልግ የኖረች። ሌላ ውሻ በአጥሩ በኩል ካለፈ ጩኸቷ እስከ ሐይቁ ዳር ይሰማ ነበር። አሁን ቤቱ ተሽጧል፤ አርቪድ በወሩ መጨረሻ ታላቅ እህቱ ማርጂት ቤት ይገባል። ማርጂት ፍሪትስ የሚባል ሽማግሌ ውሻና ፐርል የምትባል ድመት አላት። ነገሩንም ሳታለዝብ ነግራዋለች።

«አንተን ለምጄሃለሁ፣ እችልሃለሁ። እሑድ እንሞክራታለን። የእኔዎቹ ላይ ጥርሷን ካሳረፈች ግን ወደ መጠለያው ትሄዳለች። በዚህ ዕድሜዋ ከዚያ ማን እንደሚወስዳት አንተው ታውቃለህ።»

ያውቃል። ማወቁ ግን፣ እንደ ሌላው ነገር ሁሉ፣ ከመስኮቱ ወዲያ እንደሚወርድ በረዶ ነበር። ይታየዋል እንጂ አይበርደውም።

አንዲት የውሻ አሰልጣኝ ሥራውን በተራ በተራ አስረድታቸዋለች። መጀመሪያ ሽታ፤ ዓይን ለዓይን ከመተያየታቸው በፊት እንስሳቱ የሚተኙበትን ጨርቅ ይለዋወጣሉ። ቀጥሎ መንገድ፤ አንዱ ወዲህ ማዶ፣ ሌላው ወዲያ ማዶ ሆኖ ጎን ለጎን መሄድ። በመጨረሻ ቤት። ጁኖ ደግሞ የምትተኛው ሹራቡ ላይ ብቻ ነው።

አርቪድ የመጀመሪያውን ቁራጭ ወለሉ ላይ ጣለ። ሁለተኛውን ራቅ አድርጎ፣ ሦስተኛውን በሩ ጋ። በአሥረኛው ተነሳች። ሹራቡን አንስቶ በላስቲክ ከረጢት ከተተው። ከመቋጠሩ በፊት አፍንጫው ድረስ አስጠግቶት ነበር፤ ተወው። ምን ቸገረኝ፣ ነገ ይመለሳል አለ በልቡ። ሐሙስ ነበር። ማርጂት ቤት ወስዶ፣ በሩ ላይ ሰጥቷት ተመለሰ።

በማግሥቱ ማርጂት ፍሪትስና ፐርል ተደራርበው የሚተኙበትን ፎጣ ይዛ መጣች። በአራት ማዕዘን ታጥፏል። ጁኖ አሸተተችው፣ አነጠሰች፣ ዞር ብላ ሄደች።

«እታለም፣ ይሄ ምን ይሸታል?»

«ምን ይሸታል? ሳሙና ነዋ።»

«አጠብሽው?»

«ታዲያ የድመት ፀጉር የሞላው ፎጣ ታቅፌ ሰው ቤት ልምጣ? እማማ ብታይ ከመቃብሯ ትነሳልኝ ነበር!»

እንዲህ ናት ማርጂት። የጎረቤት ሳህን ታጥቦ ቢመጣላት እንኳ ሳታጥብ አትመልስም። የሰፈሩ ሴቶችም እንደዚያው ናቸው፤ አንድ ሳህን ከቤት ቤት ሲዞር ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ እግዜር ይወቀው።

«ሽታው ነው እኮ የተፈለገው» አለ አርቪድ።

«እኔ ምን አውቄ! ተለዋወጡ አለች እንጂ ተቆሻሸሹ መች አለች?» ብላ ሳቀች። የወንድሟን ፊት ስታይ ሳቋ መሃል ላይ ቀረ።

«ሹራቡንስ?» አለ።

ማርጂት የኮቷን ቁልፍ ነካካች። «ትናንትና። በሙቅ ውሃ። የውሻ ፀጉር ብቻ ነበር የታየኝ… የሊኔያ መሆኑ ትዝ ያለኝ ካወጣሁት በኋላ ነው። አርቪድ፣ እኔን።»

«ግድ የለም።»

እውነትም ግድ የሰጠው አይመስልም ነበር። የተረፈውን ቺዝ በሳህን ከደነው። ጁኖ ያን ቀን ምድጃው አጠገብ ስትዞር፣ ስትዞር ውላ ባዶው ወለል ላይ ተኛች።

እሑድ ጠዋት መንገዱ ላይ ተገናኙ። የሐይቁ በረዶ መሰባበር ጀምሯል። ማርጂት ከነፍሪትስ ወዲያ ማዶ፣ አርቪድ ከነጁኖ ወዲህ ማዶ ሆነው መራመድ ጀመሩ። ጁኖ ፍሪትስን ስታይ ፀጉሯ ቆመ፤ ወደ ፊት ተወረወረች፣ ጮኸች።

«አንተ ልጅ!» አለች ማርጂት ከማዶ። ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። «አንቀህ ይዘሃት ተጫወቺ ትላታለህ?»

«አልያዝኳትም!»

«እጅህን እየው እስቲ!»

አየው። ገመዱ መዳፉ ላይ ሦስት ዙር ተጠምጥሟል። ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል። መቼ እንደጠመጠመው አያውቅም። አንዱን ዙር ፈታ፣ ሁለተኛውን ፈታ። ጁኖ ገመዱ ሲላላ ዞር ብላ አየችው። ቺዝ ሰጣት። ደም ወደ ጣቶቹ ሲመለስ ጠዘጠዘው፤ ሕመሙ የሌላ ሰው እጅ ላይ ያለ መሰለው፣ ቆይቶ ግን የራሱ ሆነ።

ተጓዙ። ፍሪትስ አንድ ምሰሶ ጋ ቆሞ እግሩን አነሳ። ማርጂት ወደ ፊት ስትስበው አርቪድ መንገዱን ተሻገረና ጁኖን ምሰሶው ጋ አቆማት። ረጅም ጊዜ አሸተተች። ያልታጠበ ነገር በመጨረሻ ተገኘ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ በሁለቱ ውሾች መካከል የቀረው ሁለት ክንድ ነበር።

ማርጂት ቤት የወጥ ቤቱ በር ላይ የልጆች አጥር ተደርጓል። ፍሪትስ ከአጥሩ ወዲያ ገባ። ፐርል ፍሪጁ አናት ላይ ወጥታ ጅራቷን አሳበጠች። ጁኖ ቀና ብላ አየቻት፣ አለቃቀሰች፣ ቺዝ ሲሰጣት በላች።

«ዛሬ ጥርስ አላየሁም» አለች ማርጂት። «ድመቷ ትወርዳለች፤ ራት ሲደርስ ኩራቷን ትረሳለች። ሻንጣህን አምጣ።»

«ጁኖስ?»

«ሻንጣህን አምጣ አልኩህ እኮ። እሷ መጥታ የለም እንዴ?»

ከዚያ ሹራቡን አመጣችለት። በሙቁ ውሃ ተኮማትሮ የአምስት ዓመት ልጅ ልክ ሆኗል። አርቪድ ጁኖ ፊት ዘረጋው። ከአንዱ እጅጌ እስከ ሌላው አሸተተችው፤ አንገትጌው ጋ ቆየች። ከዚያ ተወችው። ሄዳ ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጥታ ጋደም አለች። ፍሪትስም ከወዲያ በኩል እያቃሰተ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። በመካከላቸው ያለው ቀጭን እንጨት ብቻ ነው።

አርቪድ ሹራቡን አነሳና አሸተተው። ሳሙና ነው። እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አጠፈ፣ ለሁለት አጠፈው፣ ማርጂት ባዶ ያደረገችለት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠና ገፋ አድርጎ ዘጋው።